ወፍራሟ ክር

የመጨረሻው ደህና ቀን ማክሰኞ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች ቀን ነበሩ ለማለት ይከብደኛል፤ ስለዚህ ከማክሰኞ እጀምራለሁ።

መርሳ ከተማ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለችው በረንዳ ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ አንዷን መቃኛ ያጠብቃል። እሷ ደግሞ ትንሽ ቆይታ መልሳ ትላላለች። ታላቅ ወንድሜን አያ ነበር የምለው። በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ እዚህም አልጠራውም።

አያ ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የጭነት መኪና ሞተር ሲያይ፣ ሞተሩ የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ይዞ አዞራቸው። ጣቶቹ ተረፉ፣ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። ጊታር ለሚመታ ሰው የግራ እጅ ጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስድስት ወር ያህል ጊታሩ አልጋ ሥር ተኛ። ከዚያ አውጥቶ ሌላ ነገር ሲያደርግበት አየሁት።

ሌላው ሰው ጊታሩን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይቃኝና ዘፈኑን በጣቱ ያሳድደዋል። አያ የሚያሳድድበት ጣት አልነበረውም። እንደ ክራር አደረገው። ክራር መቺ መጀመሪያ ክሩን ለሚዘፍነው ዘፈን ይቃኛል፤ ለትዝታ ከሆነ ለትዝታ፣ ለአምባሰል ከሆነ ለአምባሰል። ከዚያ ክሮቹ ራሳቸው ያወራሉ። አያ ከስድስቱ ክሮች አራቱን ዝቅ አደረጋቸው፣ ሁለቱን ባሉበት ተዋቸው። ምንም ጣት ሳያሳርፍ ባዶውን ሲመታው ትዝታ ነው። አንዱን ደህና ጣቱን በሁሉም ላይ ሲያጋድም ደግሞ ትዝታው እንዳለ ከፍ ይላል። ይህን ቅኝት ማንም አላስተማረውም። የትም አልጻፈውም።

ያን ማክሰኞ እህታችን ልብስ እያሰጣች ነበር። ጊታሩም እንደ ባለቤቱ ትከሻው ወርዷል አለችው። አያ ሳቀ። ከዚያ ጊታሩን በከረጢቱ ከቶ ሰጠኝና፣ ወልድያ መቃኛ የሚጠግን ሰው አለ፣ አስጠግነህ ና አለኝ። ሄድኩ። ሰውየው በአንድ ሰዓት ጨረሰው። ተመልሼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ከወልድያ መውጫ ላይ ኬላው አስቆመን። ወጣት ወንዶች ውረዱ ተባልን። ሰባት ነበርን። ለማጣራት ነው አሉን። ማጣራቱ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ።

የገባንበት የስብሰባ አዳራሽ ነበር። ወንበሮቹ አንድ ጥግ ተከምረዋል፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የተነሳ ወረቀት ምልክት አለ፤ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ናቸው። አርባ የምንሆን ሰዎች ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን እንተኛ ነበር። መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነበር፤ ላብና ያደረ ወጥ። ጊታሩን ሲፈትሹ እጃቸው በቀዳዳው አልገባ ስላለ ስድስቱንም ክሮች እስከ መጨረሻው አላልተው ውስጡን በባትሪ አዩ። ምንም አላገኙም። የጥበቃዎቹ አለቃ በዕድሜ የገፋ አስር አለቃ ነው። ጊታሩን ክሮቹ እንደተንጠለጠሉ አስረከበኝ። እንዳትጮኹበት ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ጊታር ነበረኝ፣ ቅኝት አልነበረኝም። አያ ሲቃኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ማየት ግን ማወቅ አይደለም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ስሜ ተጠራ። አያ በሩ ላይ ምሳ ዕቃ ይዞ ቆሟል። በአጥሩ መሀል የብረት በር አለ፤ እነሱ ከውጭ፣ እኛ ከውስጥ። ጥበቃው ምሳ ዕቃውን ያስከፍትና አምጪውን ቅመስ ይለዋል። አያ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ለመነጋገር የሚፈቀደው እስኪውጥ ድረስ ነው ማለት ይቻላል። እናታችን ደህና መሆኗን ነገረኝ። ተመታህ ወይ አለኝ፣ አልተመታሁም አልኩት። ክሮቹን እንዳላሏቸው ስነግረው ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ከእስሩ ይልቅ የክሮቹ መላላት ያናደደው ይመስል ነበር።

«በቀን አንድ እሰጥሃለሁ» አለኝ። «ከቀጭኗ እንጀምር። ብዙ ካሸከምኩህ ትጥላቸዋለህ።»

ከዚያ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት፣ አንዲት ድምፅ አንጎራጎረ። ተቀብዬው አብሬው አንጎራጎርኩ። ጥበቃው በቃ አለ።

ከበሩ እስከ አዳራሹ ግቢውን ማቋረጥ አለ። ድምጿ እንዳትጠፋብኝ አፌን ገጥሜ እያንጎራጎርኩ ሄድኩ። አንዱ ደህና አደርክ አለኝ፣ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። አዳራሹ ውስጥ ከአጠገቤ የሚተኛ የወልድያ ሾፌር ነበር፤ ከነሚኒባሱ የያዙት፣ በሁሉ ነገር የሚቀልድ ሰው። ምን አመጣልህ አለኝ። ጊታሩን አንስቼ ቀጭኗን ክር እያጠበቅሁ ከአፌ ጋር አገናኘኋት። ሾፌሩ ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ ለሁላችን ሽሮ ይመጣልናል፣ ለመርሳ ሰው ግን ጉርምርምታ ነው የሚላክለት አለ። ሰው ሳቀ። ብዙ ቀን ሳይሳቅ እንደቆየ በኋላ ነገሩኝ።

እንዲህ ሆነ። አያ በየቀኑ ከመርሳ ወልድያ ይመጣል፤ ለእኔ አንድ ጉርሻ የምታህል ጊዜ ብሎ። ሁለተኛዋን ሰጠኝ፣ ሦስተኛዋን ሰጠኝ። አዳራሹ ለመደው። ከበሩ ስመለስ ማንም አያናግረኝም። ከጉባ ላፍቶ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ልጃቸውን ፍለጋ መጥተው እሳቸውን ያስቀሯቸው። አባባ እንላቸዋለን። በሩ አጠገብ የተቀመጡትን፣ «ልጁ ውሃ ይዟል፣ አታፍስሱበት፣ አሳልፉት» ይሉ ነበር።

በአራተኛው ቀን ያመጣት ድምፅ አዲስ አልነበረችም። ከመጀመሪያዋ፣ ከቀጭኗ ጋር አንድ ነች፤ ዝቅ ብላ፣ ወፈር ብላ ነው እንጂ። እንደ አባትና ልጅ ድምፅ። በሩ ላይ እያለሁ ገባኝና ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ፈገግ አለ።

አሁን የምጽፈው ለመጻፍ የከበደኝ ነው።

በአምስተኛው ቀን አምስተኛዋን ሰጠኝና፣ ነገ አልመጣም አለኝ። ውርጌሳ አንድ የቆመ መኪና አለ፣ ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቀኛል፣ ስለዚህ ወፍራሟንም ዛሬ አብረህ ውሰዳት አለኝ። ውርጌሳ ከመርሳ ወደ ደሴ ነው፤ ወልድያ በተቃራኒው።

ወፍራሟን አውቃት ነበር። ማንም ሳይነግረኝ አውቃት ነበር። አራተኛዋ ቀጭኗን ከመሰለች፣ ስድስተኛዋ ደግሞ አራተኛዋን ትመስላለች፤ አንድ ደረጃ ወርዳ ከሥሯ ትተኛለች። ማታ ተኝቼ በልቤ ሰምቻታለሁ። ይህን ልነግረው እችል ነበር። ሥራህን ሥራ፣ ከነገ ወዲያ ትመጣለህ ማለት እችል ነበር።

«ሁለት አልይዝም» አልኩት። «ይምታታብኛል። ነገ ና።»

ጉርሻውን ዋጠ። እሺ አለ።

የፈለግኩት ድምፅ አልነበረም። አርባ ሰው መሀል ሆኜ፣ በቀን አንዴ የእኔ የሆነ ሰው ፊት ማየት ነበር የፈለግኩት። ያን ማለት አፈርኩ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድ ነኝ፤ ናፍቀኸኛል ማለት አፈርኩ።

በስድስተኛው ቀን ረፋዱ አለፈ፣ ስሜ አልተጠራም። እኩለ ቀን ላይ ጥበቃው መጥቶ አባባን ጠራቸው። ማንም አይጠይቃቸውም ነበር፤ ለምን እንደተጠሩ ገረመን። ቆይተው የእኛን ቤት ምሳ ዕቃ ይዘው ተመለሱ። ጎረቤታችሁ ነው ያመጣው፣ ወንድምህ ሥራ ይዞት ነው አሉኝ። ምሳ ዕቃውን ፊቴ አስቀምጠው ሄዱ። ሲሄዱ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉት።

ተቀየምኩ። እውነቱ ይኸው ነው። ውርጌሳ ሄደ፣ ከእኔ ገንዘቡ በለጠበት ብዬ አኮረፍኩ። ምሳውን ግማሹን መልሼ ከደንኩት። ሾፌሩ ብላ እንጂ አለኝ፤ አባባም ብላ አሉኝ፤ አንድ አናግሬው የማላውቅ ሰው ሙዝ አመጣልኝ። ያን ቀን ሁሉም ሰው ሊያበላኝ ፈለገ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ማምሻ ላይ በእልህ ጊታሩን አነሳሁ። አልመጣም አይደል፣ እንግዲያው ራሴ እቃኛታለሁ፣ ከዚያ በስድስቱም እመታለሁ አልኩ። መቃኛውን ሳልይዝ ሾፌሩ ጊታሩን ከእጄ ወሰደው። ዛሬ እኔ ልማርበት አለ። ይዞት ተቀመጠ። አይመታውም፤ አቅፎት ብቻ። አምጣ አልኩት፣ ቆይ አለኝ። እንደገና አልኩት፣ ቆይ አለኝ። ተነስቼ ልነጥቀው ስል ሁለት ሰዎች በመሀላችን ተቀመጡ።

«የሰው ዕቃ አትንካ» አልኩት። «መኪናህ ውስጥ ያልዘፈንክ አሁን ነው ዘፋኝ የሆንከው?»

ከዚያም የባሰ ተናገርኩት። እናቱን ጨምሬ ተናገርኩት። በሁሉ ነገር የሚቀልደው ሰው ጊታሩን እንዳቀፈ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በአገራችን ሞት በመንገድ ላይ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰውም አይነገርም። ሰውዬው እንዲበላ፣ እንዲተኛ ይደረግና ሰዎች ተሰብስበው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ትልቅ ሰው ያረዳዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ለሌላ ሰው መርዶ አብሬ ሄጄ አውቃለሁ፤ በር ላይ ቆሜ የሰውዬውን እንቅልፍ የጠበቅሁበት ቀን አለ። አንድ ቀን እኔ የምተኛው እሆናለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

አባባ ሲነቀንቁኝ መስኮቱ ገና ግራጫ ነበር። ቀና ስል አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ተቀምጧል። ጋቢ ያለው ለብሷል፣ የሌለው ፎጣ ጣል አድርጓል። አንድም ሰው የተኛ የለም። ያኔ አወቅሁ። እናቴ ናት ብዬ አሰብኩ።

«ልጄ፣ ተነስና ፊትህን ታጠብ» አሉኝ። ውሃ በጣሳ ተቀምጦልኛል። ታጠብኩ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ወንድምህ አርፏል» አሉ። «ትናንት ጠዋት፣ ወዳንተ ሲመጣ፣ ሲሪንቃ ላይ። መኪናው ተገልብጦ ነው። የሰው እጅ የለበትም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ሲሚንቶው ግንባሬን ሲቀዘቅዘኝ አስታውሳለሁ። አርባ ወንድ ሲያለቅስ አስታውሳለሁ፤ አያን አንድም ቀን ያላዩት ሰዎች ናቸው፣ ግን ድምፁን በእኔ አፍ ለአምስት ቀን ሰምተውታል። ሙስሊሞቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ እኛ አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ጥበቃው ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ከፈተ፣ አየንና ቆቡን አውልቆ ቆመ። አባባ አስር አለቃውን፣ ልጁን ለቀብር ብቻ አስወጡት፣ እኔ ዋስ እሆናለሁ፣ ደግሞም ታስሬያለሁ የት እሄዳለሁ አሉት። አስር አለቃው ከእኔ በላይ ነው አለ። የእውነቱን ይመስለኛል።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው ተብሎ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ተነስተው ቆሙ። ማንም ቁሙ አላለም። ቆመን ቆየን፤ አፈር ለብሶ ይሆናል ብለን እስክናስብ ድረስ።

ያን ቀን ሲያጽናኑኝ ሁሉም አንድ ነገር ይሉኛል። ምን ዓይነት ወንድም ነው፣ በየቀኑ ሳይታክት፣ ለአንተ ብሎ። እያንዳንዱ ሲለኝ እያነስኩ እሄድ ነበር። ሾፌሩ ጎኔ ተቀምጦ ነበር። ትናንት ስላልኩህ ይቅርታ አልኩት። ወንድምህ ሳይቀበር ጊታር መትተህ ቢሆን ዕድሜህን ሙሉ እንዳይቆጭህ ብዬ ነው፣ ስድብ ያልፋል አለኝ። ጊታር መምታቱን ከለከለኝ። ነገ ና ያልኩትን ግን ማንም ሊከለክልልኝ አልቻለም። ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ወጥቻለሁ። ወረቀት ሳይሰጡኝ ሂድ አሉኝ፣ ሄድኩ። መርሳ ነው ያለሁት፤ አያ ይሠራበት ከነበረው ጋራዥ ፊት ለፊት ስልክ እጠግናለሁ። አንዳንድ ልጆች ያን ቅኝት አሳየን እያሉ ይመጣሉ። ስድስቱንም በአንድ ቁጭታ ነው የምሰጣቸው። ነገ ኑ አልላቸውም። ሲሪንቃን በመኪና ሳልፍ ወሬዬን አላቋርጥም፤ አብሮኝ የተቀመጠው ሰው ምንም አያውቅም። ሰው ይረሳል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ምን እንደምመልስ አላውቅም፤ ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

መርዶ በነገሩኝ ማግሥት ጠዋት፣ ገና እዚያው አዳራሽ ሳለሁ፣ ስሜ ተጠራ። ጎረቤታችን ነው ብዬ ወጣሁ። እህቴ ነበረች።

ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። ሠልስት ሳይወጣ የለቅሶ ቤት ጥሎ አይወጣም፤ እሷ ግን ወጥታ፣ በዚያው መንገድ፣ በሲሪንቃ አልፋ መጥታለች። ዓይኗ አብጦ ፊቷ የሌላ ሰው መስሏል። ጥበቃው አይቷት ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት አሳለፈው። ሁለታችንም ብረቱን ይዘን ቆምን። እናታችን እንዴት ነች አልኳት፣ ሰው አለ፣ ይዘዋታል አለችኝ። ከዚያ የምትሄድ መሰለኝና ፈራሁ።

«እቴ» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ና ያልኩት። ውርጌሳ ሊሄድ ነበር። ድምጿን አውቃት ነበር፣ አላውቃትም አልኩት። እንዲመጣ ብዬ ነው።»

አላለቀስኩም። ቀጥ ብዬ ነው የነገርኳት። ብትሰድበኝ፣ ፊቷን ብታዞርብኝ፣ እቀበለዋለሁ ብዬ ነበር።

በብረቱ መሀል እጄን ያዘችኝ።

«ያን ማታ እራት ላይ ነግሮናል» አለች። «ልጁ ወፍራሟን አውቋታል፣ አላወቅሁም ብሎ ሸወደኝ ብሎ እየሳቀ። እማማ ታዲያ ለምን ትሄዳለህ፣ ሰውየውን ውርጌሳ አስጠብቀህ አለችው።»

«ምን አላት?»

«ጠርቶኝ እንዴት እቀራለሁ አለ።»

ጥበቃው በቃ አላለም። እሷ ናት እጄን የለቀቀችው።

ግቢውን አቋርጬ ገባሁ። በአፌ የያዝኩት ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ፊቴን አየና ምንም ሳልለው ጊታሩን አቀበለኝ። አባባን አየኋቸው። መቃኘት መዝፈን አይደለም፣ ቃኝ አሉኝ። አራተኛዋን ነካኋት። ከዚያ የወፍራሟን መቃኛ ቀስ እያልኩ አዞርኩ፤ ከአራተኛዋ ሥር ገብታ እስክትተኛ፣ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነው መንቀጥቀጣቸውን እስኪያቆሙ ድረስ። አንዴ ብቻ መታኋት። ድምጿ አዳራሹ ውስጥ ሄደች፣ በደረቴ በኩል ተመለሰች። መዳፌን አሳርፌ ዝም አሰኘኋት።

«ገባች?» አለኝ ሾፌሩ።

«ገባች» አልኩት።

ጊታሩን ክሮቹን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምኩት። ለቆጠራ ተጠራን። ተነስቼ ተሰለፍኩ፤ ተራዬ ሲደርስ ቁጥሬን ጠራሁ።